ለወልተር ብቻ

ኅዳር 14 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሰሚያ በወንድሟ ወንበር ላይ ተቀምጣ በእንግሊዝኛ «ደህና ነኝ» ብላ ጻፈች። ከዚያ ጣቷ ቆመ።

«ምን ሆንሽ? ላኪው እንጂ!» አለ ዐብዱልከሪም ከኋላዋ።

«ቆይ።»

«ምን ቆይ አለው? መስመሩ ሊቋረጥ ይችላል እኮ።»

ያሉት ጎንደር ፒያሳ፣ ከጨርቅ ሱቆቹ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ነው። ዐብዱልከሪም የሰሚያ የአጎት ልጅ ነው። ይህን ኢንተርኔት ቤት የከፈቱት እሱና የሰሚያ ታላቅ ወንድም ጃቢር ነበሩ። ዐብዱልከሪም ደንበኛ ያስተናግዳል፣ ጃቢር ኮምፒውተሮቹን ይጠግናል። ሁሉም ኮምፒውተሮች የሚሠሩት በአንድ የስልክ መስመር ስለሆነ አንዱ ደንበኛ ፎቶ ሲከፍት ሌላው እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። ጃቢር በረመዳን መጨረሻ ዕቃ ሊገዛ አዲስ አበባ ሄደ፣ ታመመ፣ እዚያው ሞተ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር።

ሰሚያ መልስ እየጻፈች ያለችው ወልተር ለሚባል ስኮትላንድ ለሚኖር ሰው ነው። የእሱ መልእክት ስክሪኑ ላይ ተከፍቷል። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ብትሆንም መዝገበ ቃላት ሳትገልጥ ነው የገባት።

«ጃቢር፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ድምፅህ ጠፋ። ታመህ ነው? ባለቤቴም ስለ አንተ ትጠይቃለች። መጽሐፉ ሙሉውን ደርሶሃል? የጎደለ ካለ ቁጥሩን ጻፍልኝ፣ እንደገና እልካለሁ።»

የጎደለ አለ። ሰባተኛውና ዐሥራ ዘጠነኛው ቁራጭ።

ነገሩ የጀመረው ከአያ አስናቀው ወፍጮ ነው። አያ አስናቀው ከማክሰኝት ወጣ ብላ ባለች መንደር ወፍጮ ቤት አላቸው። የሰሚያ አባት ዐብዱረሕማን እህል ነጋዴ ስለሆኑ የሁለቱ ወዳጅነት የቆየ ነው። የወፍጮው ሞተር ያረጀ የእንግሊዝ ናፍጣ ሞተር ነበር። በክረምቱ ቆመ። አንድ መካኒክ መጥቶ ብሎን በብሎን ፈታታው፤ መልሶ መግጠም ሲያቅተው ነገ እመጣለሁ ብሎ ሄደ፣ በዚያው ቀረ። ብረቶቹ ሸራ ላይ እንደተዘረጉ ወራት አለፈ። የመንደሩ ሴቶችም እህላቸውን ተሸክመው ማክሰኝት ድረስ መውረድ ጀመሩ።

ጃቢር ከአባቱ ጋር ገበያ ወርዶ ሞተሩን አየው። ቁጢጥ ብሎ አንድ አንዱን ብረት አገላበጠና «ይሄ የሚገጠምበት መጽሐፍ የሆነ ቦታ አለ» አለ።

አያ አስናቀው ሳቁ። «ምነው ልጄ! ይህን የሠሩት ሰዎች ከሞቱ ስንት ዘመናቸው።»

«የሠሩት ቢሞቱም የሚወዱት ሰዎች አይጠፉም፣ አያ አስናቀው።»

አልጠፉም። ሰሚያ ከትምህርት ቤት ስትወጣ እዚህ ፎቅ ላይ ትመጣ ነበርና ጃቢር ሲያገኛቸው አጠገቡ ነበረች። ስክሪኑ ላይ ሥዕል የለ፣ ቀለም የለ፤ ከላይ እስከ ታች የተደረደረ ጽሑፍ ብቻ።

«ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ፋራ ነገር ነው? ኢሜይል ነው?» አለችው።

«ኢሜይል ለአንድ ሰው ነው። ይሄ ኒውስግሩፕ ይባላል። ሰሌዳ ነው በይው። በየከተማው አንድ የማስታወቂያ ሰሌዳ አለ እንበል። እኔ ጎንደር ያለው ላይ ጥያቄ እለጥፋለሁ። የማክሰኝት ሰሌዳ ከጎንደሩ ይቀዳል፣ የእንፍራንዙ ከማክሰኝቱ ይቀዳል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ባሕር ዳር ይደርሳል። ባሕር ዳር ያለ ሰው መልሱን ከጥያቄዬ ሥር ይለጥፋል፤ መልሱም በመጣበት መንገድ እየተቀዳ ጎንደር ይመለሳል። ሰሌዳዎቹ ሰርቨር ናቸው። በቃ።»

«ባለቤቱ ማነው?»

«የለውም።»

«ባለቤት የሌለው ነገር አለ እንዴ? አታካብድ!»

«ወላሂ የለውም። እያንዳንዱ ሰሌዳ የሚያኖረው ሰው አለው፤ የሁሉም ባለቤት ነኝ የሚል ግን የለም። ደግሞ በየጉዳዩ ቡድን አለ። ስለ ድመት የሚያወሩ፣ ስለ ኮከብ የሚያወሩ። እነዚህ ደግሞ አሮጌ ሞተር የሚወዱ ሽማግሌዎች ናቸው።»

ወልተር ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበር። መጽሐፉ ነበረው። ገጽ በገጽ ስካን አደረገው፤ ሰሌዳው የሚቀበለው ግን ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ሥዕሉን ሁሉ ወደ ፊደልና ቁጥር ዝባዝንኬ ለወጠው። ዝባዝንኬውም አንድ ላይ የማይላክ ትልቅ ሆነና ሠላሳ ቦታ ተቆረጠ። እያንዳንዱ ቁራጭ ቁጥር ተሰጥቶት ፋይል በሚቀባበሉበት ሌላ ቡድን ላይ ተለጠፈ። የጃቢር ሥራ ቁራጮቹን እየለቀመ መልሶ መግጠም ነበር።

«አንዱ ቢጎድልስ?» ብላ ጠየቀችው።

«አንዱ ከጎደለ ምንም አይከፈትም። ሰርቨሩ ደግሞ ቦታ ሲጠበው አሮጌ አሮጌውን ይጥላል። እኛ ጋ ሳይደርስ የሚጣል አለ፣ መንገድ ላይ የሚቀርም አለ።» ከዚያ ፈገግ አለ። «አይዞሽ፣ የጎደለውን መጠየቅ ነው። እነዚህ ሰዎች ጥያቄ ነፍሳቸው ነው።»

ይህን ሁሉ ማንም አላስተማረውም። እንግሊዝኛውን እንኳ ያሻሻለው የማሽን መመሪያ እያነበበ ነው።

ዛሬ፣ መልሱን ከመጀመሯ በፊት፣ ሰሚያ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጠው የነበሩትን የቆዩ መልእክቶች አነበበች። ጃቢር መጽሐፍ ለማኝ ብቻ ይመስላት ነበር። ኒውዚላንድ ያለች ማርጋሬት የምትባል ሴት ሞተሯ በብርድ አልነሳ ስላላት፣ አያ አስናቀው ጠዋት ጠዋት የፈላ ውሃ እየሞሉ ያስነሱት እንደነበር ጽፎላታል። በማግስቱ መልሷ መጥቷል፦ «ተነሳ! ጎረቤቴ አላመነኝም፤ የጎንደሩ ጃቢር ነው ያስተማረኝ አልኩት።» የወፍጮውን ፎቶ እንደ መጽሐፉ ወደ ፊደል ለውጦ ለጥፎላቸው፣ ከካናዳ ዴኒስ የሚባል ሰው ስለ ፎቶው እያንዳንዱ ጥግ ጠይቆታል። አንዱ ከአንዱ ሲከራከር ሦስተኛው ገብቶ «ጃቢርን ጠብቁት፣ እሱ ይፍረደን» ብሏል።

ጃቢርን ጠብቁት። ሰሚያ ያን መስመር ደጋግማ አነበበችው።

«ስሚ» አለ ዐብዱልከሪም ወንበር ስቦ። «አያ አስናቀው ትናንት ሊያጽናኑ ሲመጡ ለአባትሽ ያሉትን ሰምተሻል አይደል? ቅዳሜ ገበያ ላይ ብረት ገዢ ይመጣል። ሞተሩን በኪሎ መዝኖ ይወስደዋል። እስከ ቅዳሜ መጽሐፉ ካልተከፈተ ጃቢር የደከመበት ሁሉ ገደል ገባ። ስለዚህ፦ "ደህና ነኝ፤ ሰባትና ዐሥራ ዘጠኝ ጎድለዋል፤ ጃቢር።" አለቀ። ነገ ይልክልሻል።»

«ሞቷል ብዬ ብነግረውስ?»

«አብደሻል?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለእነሱ በየቀኑ ከአፍሪካ ምን እንደሚደርሳቸው ታውቂያለሽ? "አባቴ ሞተብኝ፣ ወንድሜ ሞተብኝ፣ እርዱኝ።" የሌባ ደብዳቤ! ሞት የሚል ቃል ሲያዩ ይዘጉታል። እውነቱን ስትናገሪ ውሸታም ትሆኛለሽ፣ ስትዋሺ ያምኑሻል። ምን ላድርግሽ፣ እንዲህ ነው።»

ሰሚያ ወደ ስክሪኑ ዞረች። ደህና ነኝ።

አባቷም እንዲህ ብለው ነበር። ማታ ከሱቅ ሲገቡ እናቷ ራቢዓ «ጃቢር አልደወለም?» ስትላቸው፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ «ደውሏል፣ ደህና ነው» አሉ። ሰሚያ ጃቢር ለዒድ የሚለብሰውን ሸሚዝ የተኮሰችው ያን ምሽት ነው፤ ኮሌታውን ሁለት ጊዜ። ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቶች፣ አጎቶቿ፣ ከሁሉም ፊት ደግሞ አያ አስናቀው፣ ጋቢያቸው በጤዛ ርሶ፣ ከማክሰኝት። ራቢዓን ጎናቸው አስቀመጧት። ሴቶቹ በዚህም በዚያም ያዟት። ከዚያ ነው «ራቢዓ እህቴ» ያሉት፤ የቀረውን ሳይናገሩ ገባት።

ሰሚያ ለብዙ ቀን አባቷን አኩርፋ ነበር፤ ስለ ሸሚዙ። ቆይቶ ነው የገባት። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በመንገድ አይነገርም፣ በማታ ለብቻው ላለ ሰው አይነገርም። አባቷ ያን ሌሊት ብቻቸውን የተሸከሙት እነሱ ብቻቸውን እንዳይሰሙት ነው። ሲነጋ ግን ተናግረዋል። ይሄኛው «ደህና ነኝ» ግን መቼም አይነጋለትም። ወልተር ቁራጮቹን ይልካል፣ ያመሰግኑታል፣ ከዚያ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፣ ማርጋሬት «ጃቢርን ጠብቁት» ትላለች።

የጻፈችውን አጠፋችው።

«ሰሚ!»

«ለወልተር ለብቻው በኢሜይል እነግረዋለሁ። እሱ ትልቅ ሰው ነው። ለሌሎቹ እሱ ይንገራቸው።»

ኢሜይሉ ሄደ፤ ወዲያው ተመልሶ መጣ። እንዲህ ያለ አድራሻ የለም።

ዐብዱልከሪም ሳቀ፣ በክፋት አይደለም። «ሰሌዳው ላይ ትክክለኛ አድራሻ የሚጽፍ የለም፤ የነገርኩሽ ሌቦች እንዳይለቅሙት። አየሽ? ከሰሌዳው በቀር መንገድ የለሽም። ሰሌዳ ላይ ደግሞ መርዶ ለጥፈሽ ሁሉም በየጓዳው ብቻውን ሊያነበው ነው።»

ሰሚያ ወደ ሰሌዳው ተመለሰች። ከዚያ አዲስ መልእክት ከፈተች። የርዕሱ ቦታ ላይ፣ ሁሉም ሰው ሳይከፍት በሚያየው መስመር፣ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ለወልተር ብቻ። ሌሎቻችሁ እባካችሁ ወልተር እስኪነግራችሁ ድረስ አትክፈቱ።»

ዐብዱልከሪም ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ አደረገ። «ያ ረቢ! መንገድ ዳር ሰሌዳ ላይ "አታንብቡ" ብለሽ ለጠፍሽ? መጀመሪያ የሚያነቡት እሱን አይደል እንዴ!»

«ያንብቡ። እኔ ነግሬያቸዋለሁ።»

ከሥሩ የጻፈችው አጭር ነበር። መዝገበ ቃላቱን ለሁለት ቃል ብቻ ገለጠች።

«ክቡር አቶ ወልተር፣ እኔ ሰሚያ ነኝ፣ የጃቢር እህት። ይህን ሲያነቡ ከባለቤትዎ ጋር ይቀመጡ። ማታ ከሆነ ትተውት ጠዋት ያንብቡት። ጃቢር ሞቷል። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ወሬ ለቅርብ ሰው የሚናገረው ትልቅ ሰው ነው፤ ሰዎቹን ሰብስቦ፣ በጠዋት። እኔ ትንሽ ነኝ፣ እናንተም ሩቅ ናችሁ። ስለዚህ ለማርጋሬት፣ ለዴኒስና ለሌሎቹ እርስዎ ይንገሩልኝ። ከመጽሐፉ ሰባተኛውና ዐሥራ ዘጠነኛው ቁራጭ አልደረሱንም። ባይልኩልንም ይህን ግን ይንገሩልኝ።»

ስሟን ጻፈችና ላከችው።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ሮጠች። መልእክቷ ከነርዕሱ ሰሌዳው ላይ አለ፤ ከሥሩ ምንም የለም። ሐሙስም ምንም የለም። የባሰው ደግሞ ቡድኑ ራሱ ጭር አለ። በቀን ስንት ጊዜ ስለ ዘይትና ስለ ብሎን ሲከራከሩ የነበሩ ሰዎች አንድ ቃል አልጻፉም።

«ነገርኩሽ» አለ ዐብዱልከሪም፤ አሁን ግን አልሳቀም። «ፈርተው ሸሹ። ለምን አትሰሚኝም?»

ቤት ስትገባ አባቷ ጠየቋት። «ቅዳሜ አስናቀውን ምን ልበለው?»

«እስከ ዓርብ ይጠብቁ በላቸው፣ አባባ።»

አባቷ ትክ ብለው አዩዋት፤ ጃቢርንም አንዳንዴ እንዲህ ያዩት ነበር። «እሺ» አሉ።

ዓርብ ዐብዱልከሪም ከጁምዓ ሶላት ተመልሶ በሩን ሲከፍት ሰሚያ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኛት። ገብተው ኮምፒውተሩን አበሩት። ስልኩ ጮኸ፣ ተንጫጫ፣ ተያያዘ። ርዕሶቹ አንድ በአንድ ይወርዱ ጀመር፤ አላቆም አሉ።

የመጀመሪያው የወልተር ነበር።

«ልጄ ሰሚያ፣ ሴት ልጄ ዘንድ ሰንብቼ ትናንት ማታ ተመለስኩ። ርዕሱን አየሁት፤ እንዳልሽውም እስኪነጋ ድረስ ተውኩት። አሁን ጠዋት ነው። ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣለች። ወዳጆቼ ሁሉ፣ ተቀመጡ፤ ብቻችሁን ከሆናችሁ ሰው ጥሩ። የጎንደሩ ጃቢር ሞቷል።»

ከሥሩ ማርጋሬት ነበረች። «ማክሰኞ ሌሊት ነው ርዕሱን ያየሁት። አልከፈትኩትም። ወልተርን በማለፍ ሌላ ነገር መጻፍም ነውር መስሎ ታየኝና ዝም አልኩ። አሁን ያን ያላመነኝን ጎረቤቴን ጠርቼው አብረን አነበብን። ሞተሩን አስነስተን ጥቂት አጠገቡ ቆምን።»

ዴኒስ ደግሞ፦ «ይቅርታ፣ ሰሚያ። እኔ ከፍቼው ነበር። ለማንም ግን አልተናገርኩም። ሦስት ቀን ከበደኝ።»

ዐብዱልከሪም ይህን ሲያነብ ሳቅ አመለጠው፤ ሳቁ መሀል ላይ ድምፁ ተሰበረና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ከዚያ በታች ሰሚያ የማታውቃቸው ስሞች ተደርድረዋል። ጃቢር የመለሰላቸው፣ ጃቢር የጠየቃቸው፣ ጃቢር ያሳቃቸው። እያንዳንዱ በየአገሩ ከማን ጋር ሆኖ እንደ ሰማው ጽፏል። ጭር ያለው ቡድን ሸሽቶ አልነበረም፤ እየጠበቀ ነበር።

«ቁራጮቹስ?» አለ ዐብዱልከሪም በመጨረሻ።

ሰሚያ የፋይሉን ቡድን ከፈተች። ሰባት አለ። ዐሥራ ዘጠኝ አለ። ወልተር ግን በዚያ አላበቃም፤ መጽሐፉን ከአንድ እስከ ሠላሳ እንደገና ለጥፎታል። ማርጋሬትም የራሷን ቅጂ ለጥፋለች፣ ዴኒስም። አንዱ መንገድ ላይ ቢቀር ሌላው እንዲደርስ ነው።

ከኋላ ሁለት ልጆች ኢሜይል ሊከፍቱ መጥተው ቆመዋል። ዐብዱልከሪም ትከሻቸውን ይዞ ወደ በሩ መለሳቸው። «ዛሬ ዝግ ነው። መስመሩ በሙሉ የሷ ነው።»

«እሷ ማናት?» አለ አንዱ።

«የጃቢር እህት።»

ሁለቱ ቁራጮች እስኪወርዱ ከቀኑ አሥር ሰዓት አለፈ። ሰሚያ ጃቢር ሲያደርግ እንዳየችው ሠላሳውን በተራ አሰለፈቻቸውና ቁልፉን ነካችው። ዝባዝንኬው ጠፋ። ስክሪኑ ላይ የሞተሩ ሥዕል ወጣ፤ ሆዱ ተከፍቶ፣ እያንዳንዱ ብረት ቁጥር ተሰጥቶት፣ የትኛው ከየትኛው በፊት እንደሚገባ በቀስት እየታየ። ማተሚያው ገጾቹን እያንቋቋ መትፋት ጀመረ።

እሷ ወደ ሰሌዳው ተመለሰች። ከመልእክቶቹ መሀል አንድ የቆየ ጥያቄ ነበር፤ ጃቢር አዲስ አበባ ከሄደ በኋላ የደረሰ፣ መልስ ያላገኘ። ማርጋሬት ናት፦ የማክሰኝት ወፍጮ ቤቶች ሞተሩን ከወፍጮው የሚያገናኘው ቀበቶ ሲላላ ምን ያደርጋሉ?

ሰሚያ አታውቅም። ቀበቶ እንዳለውም ያወቀችው አሁን ከሥዕሉ ነው። ፕሮግራሙ የላኪ ስም የሚጻፍበት ቦታ ላይ እስካሁን «ጃቢር» ነው የሚለው። አላጠፋችውም። ከጎኑ «እና ሰሚያ» ብላ ጨመረችበት።

«አላውቅም» ብላ ጻፈች። «ነገ ወደ ወፍጮው እሄዳለሁ። አያ አስናቀውን ጠይቄ እጽፍልሻለሁ።»

በማግስቱ ብረት ገዢው ባዶ እጁን ተመለሰ። አያ አስናቀው ወረቀቶቹን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ የመጀመሪያውን ሥዕል ብዙ ጊዜ ካዩ በኋላ «ሸጋ ልጅ» ብቻ አሉ። ሞተሩ በሥዕሎቹ መሠረት ተገጥሞ ታኅሣሥ ውስጥ ተነሳ። መንደሩ መብራት ገብቶለት የኤሌክትሪክ ወፍጮ እስኪተከል ድረስ ሰባት ዓመት ፈጭቷል።